ድምፄ የተሰረቀ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ጅማ የምትማረው የልጅ ልጄ ደውላ «አያቴ፣ መጻፉ ከከበደሽ ድምፅ ላኪልኝ» አለችኝ። መጻፍ አይከብደኝም። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ በአርጩሜ የገባ ፊደል ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። የቸገረኝ የስልኩ ፊደል እንደ ጤፍ ማነሱ ነው። ግን «ድምፅ ላኪልኝ» ስትል ሳቄ አመለጠኝና ልጅቷ «ምኑ ነው የሚያስቀው?» ብላ ተቆጣች። ምኑ እንደሚያስቅ በስልክ ተነግሮ አያልቅም። እኔ አስካለ ድምፄን ተሰርቄ፣ ገበያ ሙሉ ሰው አስከትዬ ሄጄ ያስመለስኩ ሴት ነኝ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ደርግ ከወደቀ ቆይቷል፤ ሞባይል ግን ገና በየኪሱ አልገባም። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣል፤ አንድ መደብ ጎደሬ በብር ይነሳል፤ ሻጯ ደስ ካላት አንድ ፍሬ ትመርቅበታለች። ሴቱ ሁሉ ላስቲክ ጫማ ነበር የሚያደርገው፤ የከተማችን የሚዛን ጭቃ ሌላ ጫማ አይወድም። ወጣቶቹ ከሰልባጅ ተራ የገዙትን ጂንስ ባለቤቴ ወልዴ ዘንድ እያመጡ «ጋሼ፣ ከታች አስፋልኝ» ይሉታል፤ ወልዴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንኑ ጂንስ «አጥብብልኝ» ብለው መልሰው አመጡት። ልጆቻችንን ያሳደግነው በዚህ በማስፋትና በማጥበብ ነው። ከስፌት መኪናው አጠገብ አንዲት ሬዲዮ ነበረችው። ባትሪ ድንጋይዋ ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ያውም ፀሐይ ከተገኘ። የዚያን ጊዜ ዘፈን ሁሉ ናፍቆት ነው። ዘፋኙ ሲያለቅስ ወልዴ መኪናውን እየረገጠ አብሮ ያንጎራጉራል፤ የደንበኛው ሱሪ ስፌት እንደ ዘፈኑ ይጠማዘዛል። ዛሬ ያ በረንዳ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። መንገዱም አስፋልት ለብሶ ባጃጅ ይርመሰመስበታል፤ እኔ ግን አሁንም ሳልፍ ላስቲክ ጫማዬ የሚሰምጥ ይመስለኛል።

ገበያችን ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዛሬም አለ። ሜዳ ነው፤ መሐሉ ላይ ትልቅ ዋንዛ አለ። እኔ ጨው እሸጣለሁ። ከወልቂጤ ወዲያ ነው በሙሽርነት የመጣሁት፤ አማርኛ መናገርንም የለመድኩት እዚሁ ጨው እየሰፈርኩ ነው። በግራዬ ሽንኩርት ነጋዴዋ ራሕማ ትቀመጣለች፤ ጎበዝ ናት፣ ጎረቤትነቷ ግን እንደ ሽንኩርቷ ነው፣ ያስለቅሳል። በቀኜ ማርታ አለች። ማርታ የቤንች ልጅ ናት፣ ጎደሬና ኮረሪማ ትሸጣለች። አፏን የፈታችው በቤንችኛ ስለሆነ አማርኛዋ አንዳንዴ ወንዱን ሴት ያደርጋል። የጎደሬ መደቧን ግን ከላይ አሳምራ ከሥር ባዶ አታደርግም። ለሀብታምም ለደሃም መደቧ አንድ ነው። እኔ ሰውን የምመዝነው በዚህ ነው።

ታዲያ አንድ የቡና ካምፓኒ መጣ። መምጣቱን አልጠላንም፤ ላባችን ላይ ደመወዝ ከጣለልን ምን አስጠላን። ነገሩ የተበላሸው ሜዳችንን ያየ ቀን ነው። ለቡና ማጠቢያና ማድረቂያ ይመቸኛል፣ መንገድ ዳር ነው፣ ለጥ ያለ ነው አለ። እኛስ? ከወንዙ ማዶ «ሰፊና ምቹ ቦታ» ተዘጋጅቶልናል ተባልን። ያን ቦታ የማያውቅ የለም። በበጋ ላም ይውጣል፣ በክረምት እረኛዋን ይጨምራል። በነገሩ ላይ የሚወስነው የቀበሌው ምክር ቤት ነው ሲባል፣ ምክር ቤቱ ደግሞ ሊመረጥ ጥቂት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ዋንዛው ሥር ተሰብስበን «ከኛ አንዷ ትወዳደር» አልን። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

«እኔ አይሆንም» አልኩ። «ሰው ሳይመርጠኝ ይፈራኛል።»

«ተመርጠሽማ አይቻልሽም» አለች ራሕማ።

ማርታን ጠቆምኩ። ማርታ ጎደሬዋን መጥረግ ሳታቆም «እኔ አማርኛ ይጎድለኛል» አለች። «ጎደሬሽ እስካልጎደለ ግድ የለም» አልናት፤ አስመዘገብናት።

ከዚያ ካምፓኒው ሬዲዮ ላይ ሰዓት ገዛ ተባለ። እኛ የግድግዳ ሰዓት መስሎን «ጣቢያው ሰዓት አልነበረውም እንዴ?» አልን። ወልዴ ነው ያብራራልን፤ «የአየር ሰዓት ነው የገዙት» አለ። ይኼኔ ባሰን። አየር ማንም የሚተነፍሰው የእግዜር ነገር ሲሆን እንዴት ይሸጣል? ሻጩስ ማነው? ለካ እውነት ነው፤ በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ ከዘፈኑ ቀጥሎ አንድ ፕሮግራም ይመጣ ጀመር። ዋሽንት ይነፋና አንድ ወፍራም ድምፅ ስለ አዲሱ የገበያ ቦታ ያወራል። «ለጥ ያለ፣ ውሃ በደጁ፣ ለመንገድ ቅርብ» ይላል። ውሃ በደጁ ያለው እውነቱን ነው፤ ደጁም ቤቱም ውሃ ነው። አንድ እሁድማ ስም ሳይጠራ «አማርኛ እንኳ አጥርተው የማይናገሩ አንዳንድ ግለሰቦች» ብሎ ማርታን ነካት። ራሕማ በሬዲዮዋ ላይ ሽንኩርት ወረወረች። ሬዲዮዋ የወልዴ ነች፤ ምን አድርጋ?

በዚያው ሰሞን ምርጫ አስፈጻሚው አቶ ደምሴ ገበያ መጥተው አስተማሩን። የትምህርት ቤቱ መምህር ናቸው፣ ቀጥ ያሉ ሰው፤ ከክራባታቸው ላይ ጠመኔ አይጠፋም። «ድምፅ ምስጢር ነው!» አሉ። «ከምርጫው ቀን በፊት ድምፃችሁን ለማንም አትስጡ! ድምፅ የሚሰጠው መጋረጃ ውስጥ ብቻ ነው!» ባለወፍጮው ወደ ቤንችኛ አስተረጎመ። ወፍጮ ላይ እየጮኸ የኖረ ሰው ስለሆነ ማዶ ድረስ ተሰማ። ሴቶቹ ተያዩ፣ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ማርታ ወደኔ ጠጋ ብላ፣

«እትዬ፣ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‹ከጉሮሯችሁ የሚወጣውን ለማንም አትስጡ› ነው ያለው» አለችኝ።

«ተሳስቷል። ድምፅ ያሉት ወረቀቱን ነው።»

«ወረቀት ከሆነ ለምን ወረቀት አይሉትም?»

አራተኛ ክፍል ይህን አላስተማሩንም።

«ቃሉ አንድ ከሆነ ሁለቱንም እንዝጋ» አለች ማርታ። «ሌባ በየት እንደሚገባ አይታወቅም።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን የካምፓኒው ፕሮግራም ጋዜጠኛ መጣ። ሱራፌል ይባላል፤ የቆዳ ጃኬት፣ አፍንጫው የሾለ ጫማ። ጫማው ከመኪናው እንደወረደ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀረና በአንድ እግሩ እየዘለለ አወጣው። ማይኩን ይዞ መጀመሪያ ዝንጅብል የምትሸጥ ሴት ዘንድ ሄደ።

«እናቴ፣ ስለ አዲሱ የገበያ ቦታ ምን ይሰማዎታል? እስቲ ድምፅዎን ይስጡን።»

ሴትዮዋ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ወደሚቀጥለዋ ሄደ፤ ያችም ነጠላዋን አፏ ላይ ጎተተች። «ቢያንስ ስምዎን ይንገሩን» አላት፤ ራሷን ነቀነቀች። ወሬው ከመደብ ወደ መደብ ከሱ ቀድሞ ደረሰ፤ «ድምፅ የሚሰበስብ ሰው መጥቷል!» ያ ሁሉ ገበያ ጸጥ አለ። እንዲያ ያለ ጸጥታ አይቼ አላውቅም፤ የወንዙ ድምፅ ተሰማ። ሰው በጣት ይከራከራል፣ በቅንድብ ይቀንሳል፣ በራስ ይስማማል። አንዱን ሰውዬ በቅሎ እግሩ ላይ ቆመችበት፤ ዕንባው እየወረደ ከንፈሩን ነክሶ ዋጠው። የዚያን ቀን ድምፅ የሰጠች አንዲት ዶሮ ብቻ ነች፤ እሷም አልተመዘገበችም። ሱራፌል መጨረሻ ላይ እኔ ዘንድ መጣ፤ በላብ ርሷል።

«እናቴ፣ እዚህ አገር ሰው አይናገርም እንዴ?»

እኔ አማርኛ አውቃለሁ፤ ማይክና ኮሮጆም ለይቼ አውቃለሁ። ግን ያን ሁሉ ሴት ከድቼ ልናገር? አፌን ዘጋሁ። እሱም ጆንያዬ ላይ የጻፍኩትን ስሜን አይቶ መዘገበና ሄደ። ወልዴ ኋላ ሲሰማ «አንቺን ዝም ያሰኘ ካምፓኒማ መሬቱ ይገባዋል» አለ።

እሁድ ወልዴ በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። ዋሽንቱ ተነፋ። ወፍራሙ ድምፅ «የገበያው ሴቶች ተወካይ ወይዘሮ አስካለ እንዲህ ይላሉ» አለ። ቀጠለችም አንዲት ድምፀ ቀጭን፣ እንደ ማር የምትንጠባጠብ ልጅ፤ «ገበያችን ወደ ተሻለ ቦታ በመዛወሩ የተሰማኝን ልባዊ ደስታ እገልጻለሁ።»

እኔን የማታውቁኝ ድምፄን ላስረዳችሁ። ወንዙ ሞልቶ ድልድይ ሲወስድ ማዶ ላለው ሰው መልእክት የማስተላልፈው እኔ ነኝ።

ወልዴ መቀሱን አስቀመጠ። «አንቺ፣ ይሄን የመሰለ ድምፅ እያለሽ ይሄን ሁሉ ዘመን በምንድን ነው ስትጮኺብኝ የኖርሽው?»

«እኔ አይደለሁም!»

«እትዬ» አለች ማርታ፤ ፊቷ ተለዋውጧል። «ድምፅሽ ተሰረቀ።»

ራሕማ ከዚህ በላይ አልጠበቀችም። ተነስታ መንገድ ወጣችና «ድምፅ ተሰረቀ! ኧረ ድምፅ ተሰረቀ!» ብላ ለቀቀችው። እኔ ቀበሌ ወዳለው የአቶ ደምሴ የምርጫ ቢሮ ተነሳሁ፤ ሴቶቹ ተከተሉኝ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ እህል ሊያስፈጩ የመጡት ዱቄት በዱቄት እንደሆኑ ተቀላቀሉን። ምን እንደተሰረቀ የጠየቀ የለም፤ «ድምፅ» ከተባለ ይበቃል። ቀበሌው በር ላይ ፖሊሱ ቆቡን ሳያደርግ ሮጦ ወጣ። አቶ ደምሴ የሻይ ብርጭቆ እንደያዙ ብቅ አሉ፤ ሻዩ ክራባታቸው ላይ ፈሰሰ።

«ምንድን ነው? የማን ድምፅ ነው የተሰረቀው?»

«የኔ!» አልኩ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ምርጫው እኮ ገና ነው! ያልተሰጠ ድምፅ እንዴት ይሰረቃል?»

«እኔም የሚገርመኝ እሱ ነው። ሳልሰጥ ወሰዱት! አሁን በሬዲዮ ስትለፈልፍበት ሰማኋት!»

ነገሩን ከስሩ አስረዳናቸው። አቶ ደምሴ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ፖሊሱም ሄዶ ቆቡን አደረገ። «በሉ እንግዲህ» አሉ፣ «ይሄ የጉሮሮ ድምፅ ነው። እኔ የምጠብቀው የወረቀቱን ነው። ይሄ እኔን አይመለከትም።»

«መምህር» አልኳቸው፣ «በቁሜ ጉሮሮዬን ሲወስዱ ዝም ያልክ፣ ወረቀቴን ሳጥፈው ትጠብቅልኛለህ ብዬ ልመን?» በንዴት አንተ አልኳቸው። እሳቸውም አልተቆጡም። ብርጭቆዋን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ዱቄት የለበሰውን ሕዝብ አዩ። ከዚያ ገብተው ለጣቢያው ስልክ ደወሉ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ሲወጡ ግን «‹ድምፅ ተሰረቀ› ተብሎ ሕዝብ ተነስቷል አልኳቸው» አሉ። «ውሸት አልተናገርኩም።»

ጣቢያው ደንግጦ፣ ራስሽ መጥተሽ አስተካክዪ አለ። ሄድኩ። ያን ያህል የሚፈራው ሬዲዮ ለካ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ለጥፈዋል። ሱራፌል እዚያ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ «እናቴ፣ ሰው ሁሉ ዝም ሲለኝ ምን ላድርግ? ባዶ ቴፕ ይዤ ብመለስ ያባርሩኛል» አለኝ። «ዝም ካልን ዝም አሉ በል» አልኩት። ቀይዋ መብራት በራች። የተናገርኩት አጭር ነው። «እኔ አስካለ ነኝ፤ ጨው ሻጭ። ያቺ ልጅ እኔ አይደለሁም። ያ ቦታ ረግረግ ነው። ምርጫው ደርሷል፤ ለማን እንደምሰጥ ግን ለናንተም አልነግርም።» ቴክኒሻኑ ከጆሮው ያለውን ነገር አውልቆ ጣለ። ዝግ በይ ያለኝ ስለሌለ ወንዝ ማዶ እንደማወራ ነበር ያወራሁት።

የምርጫው ቀን ዝናቡ ከሌሊት የጀመረ ነው። ሰዉ ኮባ ቅጠል አናቱ ላይ ደፍቶ ተሰለፈ። ሴቶቹ ከቤታቸው አፋቸውን ዘግተው ስለወጡ እግዜር ይመስገን የሚል እንኳ የለም። የማርታ አክስት፣ ዕድሜያቸውን ራሳቸውም የማያውቁት ሴትዮ፣ ተራቸው ደርሶ መጋረጃው ውስጥ ገቡ። ከዚያ ከመጋረጃው ውስጥ፣ ለስንት ሳምንት የተጠራቀመ ጉሮሮ «ማርታ!» ብሎ ፈነዳ።

ሰልፍ ላይ የነበረችው ማርታ ሳታስበው «አቤት!» አለች።

የሌላው ተወዳዳሪ ታዛቢ ከወንበሩ ዘለለ። «ይሄ ቅስቀሳ ነው! ይሰረዝ!» አቶ ደምሴ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አክስትየው ወረቀታቸውን አጣጥፈው ወጥተው ኮሮጆው ውስጥ ከተቱ፤ ሁለቱንም ሰጥተው ጨርሰዋል። «አክስቷ ናቸው» አሉ በመጨረሻ አቶ ደምሴ። «አክስት የወንድሟን ልጅ መጥራት አልተከለከለም። ቀጥሉ!»

ማርታ አለፈች። ለቅሶና እልልታ አንድ ላይ ሆነ፤ ግን መሬቱ ገና አልዳነም። አዲሱ ምክር ቤት የመጀመሪያ ስብሰባው ላይ የካምፓኒው ማናጀር ካርታ ይዞ ቀረበ። እኛ ሴቶቹ መስኮቱ ሥር ቆመናል። ማናጀሩ ብዙ ተናገረ፤ አባላቱ ዓይናቸው ከካርታው ላይ አልነቀል አለ፤ ልቤ ፈራ። በመጨረሻ ማርታ ተነሳች።

«እኔ አማርኛ ብዙ የለኝም። በሬዲዮ ስሰማ ማዶ ያለው ቦታ ጥሩ ነው። ለጥ ያለ ነው፣ ውሃ አለው፣ መንገድ ቅርብ ነው። ቡና ማጠቢያ ምን ይፈልጋል? ውሃ። እንግዲያው ጥሩውን ካምፓኒው ይውሰድ። እኛ በመጥፎው እንቆያለን።»

ማናጀሩ ተናደደ። «እንዴት ነው እዚያ ማሽን የሚተከለው? ይሰምጣል እኮ!» አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ሊቀመንበሩ ነው፤ ከዚያ መስኮቱ ሥር ያለነው ሁላችን። እጅ ተቆጠረ፤ ሜዳው የኛ ሆነ። ካምፓኒው ከቡና እርሻው በላይ ሌላ ቦታ አግኝቶ ሠራ፤ የኛም ልጆች ተቀጠሩበት። አንጣላም።

አሁን ሰው «ታዲያ ምን አገኛችሁ?» ይለኛል። ያገኘነውን ልንገራችሁ። ድሉ ገና ሳይቀዘቅዝ ማርታ ዘንድ አንድ አቤቱታ ቀረበ፤ ከሳሽ ራሕማ፣ ተከሳሽ እኔ። የጨው ጆንያሽ መስመር አልፎ መጥቷል ነው ነገሩ። እኔ እስከ ዛሬ ያ መሬት የኔ ነበር እላለሁ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ማርታ ሲባጎ ይዛ መጣች፣ ከዋንዛው እስከ መንገዱ ዘረጋች፣ ጎንበስ ብላ አየች።

«እትዬ፣ ጨውሽን ሰብስቢ።»

«ማርታ! እኔ ነኝ እኮ! እስከ ጣቢያው ድረስ ሄጄ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ የጮህኩልሽ...»

«አውቃለሁ እትዬ። ሰብስቢ።»

ራሕማ ፈገግ ብላ ሽንኩርቷን ትደረድራለች። ጆንያዬን ጎትቼ መለስኩ፤ ቤቴ እስክደርስ ስሳደብ ሄድኩ። ወልዴ ከሩቅ ሰምቶኝ ሬዲዮዋን ዘጋ።

«ምን ሆነሽ?»

«ማርታ ፈረደችብኝ።»

«እንዲህ ለለፋሽላት? መምረጥሽ አይቆጭሽም ታዲያ?»

«ምን ነካህ አንተ ሰው?» አልኩት። «መረጥኳት እንጂ መች ገዛኋት!»